ካሸሩ ነው ወይስ ሰዓቱ? ከአንድ የጅማ ቡና መጋዘን የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ሐጂ የደወሉልኝ ኅዳር ላይ ነው። ኅዳር ጅማ ውስጥ የእሸት ቡና ወር ነው። በዚያ ሰሞን የቡና ነጋዴ ስልክ የሚያነሳው ወይ ለመኪና፣ ወይ ለብር ነው። ለኮምፒዩተር ልጅ ከደወለ ነገር አለ ማለት ነው።

“ና እስቲ ልጄ። ሰው እየገባብን ነው።”

የሐጂ ስም ይቆየን። መጋዘናቸውና ቢሯቸው ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ነው። አጋሮ ላይ ደግሞ፣ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ፣ የእሸት ቡና መረከቢያ አላቸው። ከ2 ዓመት በፊት የሚዛንና የክፍያ ሲስተም የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ሰርቨር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ኡቡንቱ ሊኑክስ ተጭኖበት፣ ከቢሮው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከጆንያ ክምር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የጅማ በርጩማ፣ ባለ 3 እግሩ። በየጊዜው ማራገቢያውን ከፍቼ የቡና ገለባ አራግፍለታለሁ።

ሲስተሙ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ማን ስንት ኪሎ እሸት፣ ስንት ፈረሱላ ጀንፈል አስረከበ፤ በስንት ዋጋ፤ ስንት ተከፈለው፤ ስንት ቀረው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ማባዛቱን እሱ ይችለዋል። ክፍያ የምትፈቅደው አካውንታንቷ ብቻ ናት። የእሷ አካውንት ካልተከፈተ ብር አይወጣም።

ችግሩም እዚያው ላይ ነበር።

ችግሩ

አካውንታንቷ ጠዋት ገብታ ትሠራለች። ምሳ ትወጣለች። 8 ሰዓት ላይ ተመልሳ ፓስወርዷን ስታስገባ “አካውንትዎ ተቆልፏል” ይላታል። ፓስወርድ 5 ጊዜ ከተሳሳተ እንዲቆለፍ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። የተቆለፈውን የሚከፍቱት ሐጂ ብቻ ናቸው፣ በራሳቸው አካውንት። ሐጂም መነጽራቸውን እየፈለጉ፣ በአንድ ጣት እየጻፉ፣ በየቀኑ ይከፍቱላት ነበር። ለሳምንታት! ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

የደወሉልኝ ዓርብ ከሰዓት ነው። በዚያ ቀን ሐጂ ጁምዓ ሄደው ነበር። አካውንቱ ተቆለፈ። ቡና ያስረከቡ ሰዎች የሚዛን ደረሰኝ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። አንዱ ወደ ሊሙ የሚመልሰው መኪና ሊያመልጠው ነው። ሐጂ ሲመለሱ ደጃፉ ለቅሶ ቤት መስሏል።

እኔ የደረስኩት ረቡዕ ነው። ተጠርጣሪውም ዝግጁ ነበር። ጥቅምት መግቢያ ላይ አንድ ካሸር ተጣልቶ ለቋል። በደመወዝ ነው የተጣሉት፣ ዝርዝሩ አያገባኝም። ልጁ ሲስተሙን ያውቀዋል። የአካውንታንቷን ዩዘርኔምም ያውቃል። መቆለፉ የጀመረው ደግሞ እሱ በለቀቀ ማግስት ነው። ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ፦ ተጣላ፣ ለቀቀ፣ በማግስቱ ጀመረ። የሥራ ልምድ ደብዳቤውንና ክሊራንሱን ይዘውበታል። “ሌባ ሆኖ ሳለ እንዴት ብዬ እፈርምለታለሁ?”

እውነቱን ልናገር፣ እኔም አመንኩ። ቅደም ተከተሉ ያሳምናል።

ሰርቨሩ የሚያውቀው፣ ሰርቨሩ የማያውቀው

የሊኑክስ ሰርቨር ያልተሳኩ የመግቢያ ሙከራዎችን በራሱ ይመዘግባል። ኡቡንቱ ላይ ዋናው ቦታ ኦውዝ ሎግ የሚባለው ፋይል ነው። በጽሑፍ ስለሆነ በዓይን ይነበባል። ሬድ ሃት በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነትና ዘመዶቹ ላይ ደግሞ ሴኪዩር በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ሌላ ቢቲኤምፒ የሚባል ፋይልም አለ፤ እሱ በጽሑፍ ስላልሆነ ላስትቢ በሚባል ትእዛዝ ነው የሚነበበው። ሁለቱም እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነበሩ። ከፈትኳቸው።

ሐጂ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ስክሪኑ ላይ የተሞከረው የተጠቃሚ ስም መስመር በመስመር ይወርዳል፤ ሩት የሊኑክስ ዋና አስተዳዳሪ ስም ነው። ሩት፣ አልተሳካም። አድሚን፣ እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም። ቴስት፣ የለም። ኦራክል፣ የለም። ፖስትግሬስ፣ የለም። ሩት፣ አልተሳካም። ሩት፣ አልተሳካም። እያሸበለልኩ ወረድኩ፤ አያልቅም።

“ያ ረቢ! ይሄ ሁሉ ሌባ?”

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ። እኔ ከቤቴ ሆኜ ሰርቨሩን ለማየት ስል ራውተሩ ላይ 22 ቁጥር ፖርትን ከፍቼ ነበር። ፖርት 22 የኤስኤስኤች፣ ሰርቨርን ከርቀት የመግቢያው ፕሮግራም፣ በር ነው። ኤስኤስኤችን በ1995 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሠራው ታቱ ኡሎነን የሚባል ፊንላንዳዊ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ እየጠለፉ ቢያስቸግሩት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ አብዛኛው የሊኑክስ ሰርቨር ከርቀት የሚገባበት በር ሆኗል። በሩ የት እንዳለ የሚታወቅ ስለሆነም፣ ቀን ከሌት የሚያንኳኩ ማሽኖች አሉ። ሐጂን አያውቋቸውም። ጅማን አያውቋትም። ኢንተርኔት ላይ ያለውን አድራሻ ሁሉ ተራ በተራ ይሞክራሉ።

ለሐጂ የነገርኳቸው በቆራሌው ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ይጮኻል። በራችሁ ላይ ጮኸ ማለት ጓሮ ያለውን ብረት አይቶታል ማለት አይደለም። በሩ ካልተከፈተለት ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

መፈራት ያለበት ሌላ ነው፦ ብዙ ጊዜ ወድቆ በኋላ የገባ። ስለዚህ የተሳኩትን ብቻ ለይቼ አወጣሁ። የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም በፓስወርድ ሳይሆን ላፕቶፔ ላይ ባለ ቁልፍ ፋይል። ደግሞ ከሚሞከሩት ስሞች ውስጥ አንድም የመጋዘኑ ሰው ስም የለም። ካሸሩ ቢሆን ኖሮ ኦራክል ብሎ አይሞክርም ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ ፖርቱን ዘጋሁት። በኤስኤስኤች በፓስወርድ መግባትንም አጠፋሁ፤ ከእንግዲህ ቁልፍ ፋይል ያለው ብቻ ነው የሚገባው። ጩኸቱ ቆመ። ይህን ከ2 ዓመት በፊት ማድረግ ነበረብኝ።

ካሸሩ የለቀቀበትን ቀን ለማየትም ፈልጌ ነበር። የለም። ኡቡንቱ ኦውዝ ሎግን በየሳምንቱ እየቀየረ 4 አሮጌ ፋይል ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፣ ካልነካችሁት። እኛ 5 ሳምንት አልፎናል።

ግን ቢኖርም አይጠቅመንም ነበር። የሚቆለፈው የሰርቨሩ በር አይደለማ። የሚቆለፈው የሲስተሙ በር ነው፤ ያ እኔ በጻፍኩት ፕሮግራም ውስጥ ያለው። የእሱን ሙከራ ኦውዝ ሎግ አያየውም። ፕሮግራሜን ከፍቼ ሳየው ፊቴ ቀላ። 5 ይቆጥራል፣ ይቆልፋል፣ አለቀ። መቼ እንደተሞከረ፣ ከየት እንደተሞከረ የትም አይጽፍም። አምስቴ ሲንኳኳ በሩን የሚቀረቅር፣ ማን ነበር ሲባል “እኔ ምን አውቄ” የሚል ዘበኛ ቀጥሬላቸው ኖሯል።

መዝገቡን መሥራት

በዚያው ማታ ጻፍኩት። ፓስወርድ በተሳሳተ ቁጥር 3 ነገር ይመዘግባል፦ ሰዓቱን፣ የተጻፈውን ዩዘርኔም፣ ሙከራው የመጣበትን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም የኢንተርኔት መስመሩን ቁጥር። ራሱን የቻለ ፋይል ላይ፣ ከአስተዳዳሪው በቀር ማንም በማይከፍተው።

የተሳሳተውን ፓስወርድ አልመዘገብኩም። ሐጂ “ምን እንደሞከረ ብናይ ጥሩ አልነበረም?” ብለውኝ ነበር። አይደለም። ሰው የሚሳሳተው ፓስወርድ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ነው፤ አንድ ፊደል ይጎድለዋል ወይም ኬፕስ ሎክ በርቶበታል። ካልሆነም የሌላ ነገር ፓስወርድ ነው፤ የባንኩ፣ የኢሜይሉ። እሱን ፋይል ላይ ማጠራቀም ማለት የሁሉንም ሠራተኛ ቁልፍ አንድ ምስማር ላይ መስቀል ነው። ኤስኤስኤችም ያልሠራውን ፓስወርድ አይጽፍም።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ ብዬ ግን ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን ስከፍት የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ዩዘርኔም በሚለው ቦታ፣ የሰው ስምና ዓመተ ምሕረት ተጣብቆ ተጽፏል። እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለንም። ትንሽ ቆይቶ ገባኝ። አካውንታንቷ ቸኩላ ፓስወርዷን የስሙ ሳጥን ውስጥ ጽፋዋለች። ልጅዋ ናት፣ ከነተወለደችበት ዓመት።

ሄጄ በጆሮዋ ነገርኳት። “ውይ! አንተ ልጅ፣ አየኸው?” አለችኝ። አይቼዋለሁ። እዚያው አስቀየርኳት፣ መስመሩንም ሰረዝኩ። ከዚያ ፕሮግራሙን አስተካከልኩ፦ የተጻፈው ስም ከሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ውስጥ ካልሆነ “የማይታወቅ ስም” ብሎ ይለፍ እንጂ ቃሉን እንዳይገለብጥ። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም። ሊኑክስ ላይ ያልታወቁ ስሞች ይመዝገቡ ወይስ አይመዝገቡ የሚል ምርጫ ድሮውንም አለ፤ ማስጠንቀቂያውም ይህንኑ ነው የሚለው፣ ሰው በስም ፈንታ ፓስወርድ ሊጽፍ ይችላል። አንብቤው አልፌው ነበር።

ሐሙስ 5:31

ሐሙስ ከሰዓት እንደገና ተቆለፈ። ይህን ጊዜ ግን መዝገብ አለን። አትሜ ለሐጂ ሰጠኋቸው። የአካውንታንቷ ስም፣ 5 ሙከራ፣ 5ቱም ያልተሳኩ። ሰዓቱ 5:31።

ሐጂ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙት። “5:31። ሐሙስ 5:31!” መጋዘን ጠባቂውን ጠሩት። “ያን ልጅ ዛሬ ስንት ሰዓት ነው ያየሁት ያልከኝ?”

መጋዘን ጠባቂው ያየው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ነው። ላፕቶፕ ከፍቶ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሐጂ ስልካቸውን አወጡ። የሚያውቁት ፖሊስ አለ። ሕጉንም ሰምተዋል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም መግባትን ወንጀል ያደርገዋል። ልክ ናቸው። አንድ ወረቀት፣ አንድ ምስክር፣ አንድ ጠብ። ልጁ በዚያ ምሽት ጣቢያ ሊያድር ይችል ነበር።

“ሐጂ፣ አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ” አልኳቸው። ጎበዝ ሆኜ አይደለም። አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው። አካውንታንቷ ሐሙስ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ነበረች፤ እዚያው ሲስተሙ ላይ። ታዲያ ያኔ እንዴት አልተቆለፈባትም? ወጥታ ገብታ ነበር? ጠየቅኳት። “ኧረ አልወጣሁም፣ ጠዋት እንደገባሁ ነኝ” አለች። አንዴ የገባን ሰው መቆለፉ አያስወጣውም። ስለዚህ ይህ ማስረጃ ወደ የትም አይሄድም፤ ጠዋት ከገባች ጀምሮ እስከ ምሳ ባለው በማንኛውም ደቂቃ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ሰዓቱን የነገረን ማን ነው? ሰርቨሩ። የሰርቨሩስ ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ዓርብ ጠዋት ሆን ብዬ ተሳሳትኩ። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሰዓት አለች። እሷን እያየሁ ልክ 4:20 ሲል፣ በራሴ ስም የተሳሳተ ፓስወርድ አስገባሁ። መዝገቡን ከፈትኩ። 7:20 ይላል።

ሰርቨሩን ስጭነው የሰዓት ክልሉን አልነካሁትም፤ እንዳለ ዩቲሲ በሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት ላይ ነው የቀረው። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ይህን የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሰው 3 መደመር ነው የሚቀናው። እኛ ግን ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ስለሆነ ከፈረንጁ ሰዓት 6 ይቀነሳል። 3 ደምሮ 6 መቀነስ፣ 3 መቀነስ ነው። የሰርቨሩ 7:20 የእኛ 4:20። የሰርቨሩ 5:31 ደግሞ የእኛ 2:31፣ ከጠዋቱ።

የሚያሳስተው መልኩ ነው። መዝገቡ 17:31 ቢል ኖሮ ሐጂም ይጠይቁ ነበር፤ “17 ሰዓት ደግሞ ምንድነው?” ብለው። 5:31 ግን የሐበሻ ሰዓት ይመስላል። ማንም አይጠራጠረውም። እኔም ሳተም አልጠረጠርኩትም።

2:31 ላይ ካሸሩ የት እንደነበር አላውቅም። ካፌው በረንዳ ላይ ግን አልነበረም፣ ቢያንስ ማንም አላየውም። ምስክሩ በአንድ ጊዜ ተነነ።

ሃያ ሃያ ሰከንድ

አሁን ወረቀቱን በሌላ ዓይን አየሁት። እስከዚያ ድረስ ደቂቃውን ብቻ ነበር ያየነው። ሰከንዱ እንዲህ ነበር፦

5:31:04
5:31:24
5:31:44
5:32:04
5:32:24

ልክ 20፣ ልክ 20። ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ሰው መጀመሪያ ቶሎ ይጽፋል፣ ከዚያ “እንዴ!” ይላል፣ ቀስ ብሎ ይደግማል፣ ቁልፎቹን ያያል፣ ይናደዳል። በጣት የሚጻፍ ፓስወርድ ሰዓት ጠብቆ አይመጣም። ይህ ማሽን ነው።

የኢንተርኔቱ ቆራሌ ይሆን? አይደለም። እሱ የአካውንታንቷን ስም ከየት ያመጣዋል? 5 ሞክሮ ሲዘጋበትስ ለምን ዝም ይላል?

አይፒ አድራሻውን ሐጂ ደጋግመው ጠይቀውኛል። “አድራሻ ካለማ ቤቱን አሳየኝ።” አድራሻው የሞባይል ኔትወርክ ነው። የሞባይል ዳታ የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራሉ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይሆናል። የባጃጅ ታርጋ እንደማየት ነው፤ በዚያ ሰዓት ማን ተሳፍሮበት እንደነበር ታርጋው አይነግርህም። የሚያውቀው ኩባንያው ነው፣ እሱም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይነግርህም። በነገራችን ላይ ፌይልቱባን የሚባለውን ታዋቂ መከላከያ እዚህ ያልተጠቀምኩት በዚህ ምክንያት ነው። እሱ ካልነካችሁት በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። ለኤስኤስኤች ጥሩ ነው። ሠራተኞቻችሁ በሞባይል ዳታ የሚገቡበት ሲስተም ላይ ግን አንዱ ሲሳሳት አጠገቡ ያለውም አብሮ ሊታገድ ይችላል።

ስለዚህ አልቸኮልኩም። እስከ ማክሰኞ ድረስ እንዲጠራቀም ተውኩት። ዓርብ 2:29። ቅዳሜ 2:33። እሑድ ምንም የለም። ሰኞ 2:30። ማክሰኞ ደግሞ ዘግይቶ፣ 5:02። በእኛ ሰዓት ነው፣ ቀንሼ።

እሑድ የሚያርፍ ማሽን። ማክሰኞ የሚያረፍድ ማሽን።

አካውንታንቷን “ማክሰኞ ምን ነበር?” አልኳት። እዚህ ምንም። መብራት ነበር። “አጋሮ ግን ጠዋት መብራት ጠፍቶ ነበር መሰለኝ፣ ልጁ ሚዛኑ አልሠራ ብሎት ደውሎ ነበር።”

እዚያ ላይ ወገቤን ያዘኝ።

አጋሮ

አጋሮ ላለው ሚዛን ያዥ ደወልኩ።

“ወንድሜ፣ ያ ታብሌት አለ?”

“አለ። ግን ኔትወርክ የለም፣ አይልክም። ከቆየ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ኧረ ከጥቅምት። እኔማ ትቼዋለሁ። መዝገቡን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ነው የምልከው።”

“ጠዋት ትከፍተዋለህ ግን?”

“እከፍታለሁ እንጂ፣ ገበሬው ሳይመጣ፣ ሁለት ተኩል ላይ። ምናልባት ይሠራ እንደሆነ ብዬ።”

ስልኩን ሳይዘጋ ታብሌቱን አጥፍቶ እንዲከፍተው ነገርኩት። እኔ መዝገቡን ስክሪኑ ላይ ከፍቼ ጠበቅኩ። ሐጂም፣ አካውንታንቷም፣ መጋዘን ጠባቂውም ከኋላዬ ቆመዋል። በስልኩ ውስጥ የታብሌቱ መክፈቻ ዜማ ተሰማ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንድ መስመር ወረደ። የአካውንታንቷ ስም፣ አልተሳካም። ማንም አልተናገረም። ግድግዳው ላይ ያለችውን ሰዓት እያየን ቆጠርን። 20 ሰከንድ። ሁለተኛው መስመር። 20 ሰከንድ። ሦስተኛው።

“ይኸው አሁንም ኔትወርክ የለም ይላል” አለ ልጁ በስልክ።

ኔትወርክማ ነበረው። ታብሌቱ ላይ ያለው ፕሮግራም ለማንኛውም ዓይነት ውድቀት “አልተላከም” ብቻ ነው የሚለው። ፓስወርዱ ተሳስቶም፣ ኔትወርክ ጠፍቶም፣ ቃሉ ያው ነው። ያንን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሌላውም የእኔ ነው። ከ2 ዓመት በፊት ታብሌቱን አጋሮ ስተክል ለጣቢያው የራሱ አካውንት መክፈት ነበረብኝ። መሽቷል፣ የጅማው መኪና ሊሄድ ነው። “ለጊዜው” ብዬ የአካውንታንቷን ስምና ፓስወርድ አስገባሁበት። ሠራ። ሄድኩ። ያ “ለጊዜው” 2 ዓመት ቆየ።

ታዲያ ለምን ካሸሩ በለቀቀ ማግስት ጀመረ? ካሸሩ ሲለቅ ሐጂ ደውለውልኝ ነበር። “ምን እናድርግ?” ሲሉኝ “ሁሉም ሰው ፓስወርዱን ይቀይር” ያልኳቸው እኔ ነኝ። ምክሩ ትክክል ነበር። አካውንታንቷ በዚያው ቀን ቀየረች። ታብሌቱ ግን አሮጌውን ይዞ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ሲከፈት የትናንቱን ሚዛን ልላክ ብሎ 5 ጊዜ ያንኳኳል፣ 5ኛው ላይ አካውንቷ ይቆለፋል። ሐጂ በጣታቸው የቆጠሩት ቅደም ተከተል ትክክል ነበር። በመሃል አንድ ጣት ነው የጎደለው።

ለሐጂ ይህን ሁሉ ቆሜ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ “ቡና አፍሉለት” አሉ። ይቅርታ ይሁን ቅጣት አልገባኝም። ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ

አጋሮ የራሱ አካውንት ተከፈተለት፤ ሚዛን መላክ ብቻ የሚችል፣ ክፍያ የማይነካ። ታብሌቱም አሁን “ፓስወርዱ ተቀይሯል፣ ጅማ ይደውሉ” የሚል ቃል ተምሯል።

ለመዝገቡ አራተኛ ነገር ጨመርኩለት፤ የሞከረው መሣሪያ ምን ዓይነት እንደሆነ። አብዛኛውን ጊዜ ብራውዘር ወይም ፕሮግራም ሲመጣ ራሱን ያስተዋውቃል። መዋሸት ይችላል፣ የእኛ ታብሌት ግን አይዋሽም ነበር። ከመጀመሪያው ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሐሙስ ዕለት በአንድ መስመር ያልቅ ነበር፣ ፈረንጅ አራዳም ካፌም ሳይነሳ።

ለሐጂ የሚታተመው ወረቀት በእኛ ሰዓት ነው፤ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ የሚል ቃልም አብሮት ይጻፋል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን ዩቲሲ እንደሆነ ነው፤ እሱን አልነካሁትም። ሰዓት መሃል ላይ ሲቀየር አሮጌውና አዲሱ መስመር ይደባለቃል። መዝገቡ ለ1 ዓመት ይቀመጣል፤ አንድ የቡና ወቅት ከሚቀጥለው ጋር እንዲገናኝ። በየማታው አንድ ቅጂ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው መዝገቡን ነውና።

የቁልፉንም ሕግ ለወጥኩት። 5 ተሳስቶ ለዘላለም መቆለፍ ማለት፣ ዩዘርኔም የሚያውቅ ማንም ሰው፣ ፓስወርድ ሳያስፈልገው፣ ክፍያ ሊያስቆም ይችላል ማለት ነው። ሌባ ሳይገባ ሱቁ ይዘጋል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በመመሪያው ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ 100 ተከታታይ ስህተት ነው። እኔ 100 አልደፈርኩም። 10 አደረግኩት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም በራሱ ይከፈታል።

ካሸሩን ሐጂ ራሳቸው ደወሉለት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ በኦሮምኛ ነበር፣ በሩንም ዘግተውታል። የሥራ ልምድ ደብዳቤውና ክሊራንሱ ግን በዚያው ሳምንት ተፈርሞ ወጣ። ማኅተሙን የመታችው አካውንታንቷ ናት።

ለዚህ ሥራ ገንዘብ አልጠየቅኩም። እንዴት ብዬ?

ባለፈው ሰኞ መዝገቡን እንደ ወትሮው ሳይ፣ በአካውንታንቷ ስም ሳይሆን በሌላ ስም 3 ያልተሳካ ሙከራ አገኘሁ። ማታ 3:40። ከቢሮው ውጪ፣ ከስልክ። አራተኛው ላይ ገብቷል። ወድቆ ወድቆ መግባት፤ ያ መፈራት አለበት ያልኳችሁ። ልቤ ደነገጠ። ስሙን አየሁት፣ ስልኬን አነሳሁ።

“ሐጂ፣ ትናንት ማታ 3:40 ላይ በእርስዎ አካውንት...”

“አንተ ልጅ፣ ሌሊትም ትጠብቀኛለህ እንዴ? መነጽሬን መጋዘን ረስቼው ነው።”